ኦፕሬተሩ ማውጫውን ትቶ ለምን ስልክ ይደውላል?

ጥያቄ፦ «በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ወረዳ የውኃ መሐንዲስ ነኝ። ለትንንሽ ከተሞች የውኃ ተቋማት የአሠራርና የጥገና መመሪያ አዘጋጅቻለሁ። 140 ገጽ ነው። ጥልቅ ጉድጓድ፣ ሰብመርሲብል (ውኃ ውስጥ ሰምጦ የሚሠራ) ፓምፕ፣ ጄኔሬተር፣ ማጠራቀሚያ፣ መስመር፣ ቦኖ፣ ሁሉም አለበት። ማውጫው ብቻውን 7 ገጽ ሆነ፤ እስከ አምስት እርከን ይወርዳል። አለቃዬ ወደ አንድ ገጽ አሳጥረው ይሉኛል። ጓደኛዬ ደግሞ ዓለም አቀፍ ደረጃው ሦስት እርከን ነው ይላል። ኦፕሬተሮቹ መመሪያው እጃቸው ላይ እያለ በየቀኑ ይደውሉልኛል። ስንት እርከን ልተው? የሠንጠረዥና የሥዕል ዝርዝርስ ይግባ? ፒዲኤፉ ላይ መፈለጊያ እያለስ ማውጫ ያስፈልጋል ወይ? በዚያ ላይ ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ ማውጫው እየተበላሸ አስቸግሮኛል። የማውጫውን ገጾች አያይዤአለሁ።»

ምላሽ፦ አለቃህ ዓይናቸው ያረፈው ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው። መድኃኒቱ ላይ ግን አልስማማም። ሰባቱን ገጽ ቆርጠህ አንድ ብታደርገው ኦፕሬተሮቹ ነገም ይደውላሉ። የሚፈልጉት ነገር እነሱ በሚጠሩበት ስም ማውጫው ውስጥ የለማ። ከላክኸው አንድ መስመር ልጥቀስ፦ «3.4.2.1 የኤሌክትሮ ሜካኒካል ዕቃዎች የብልሽት ትንተናና የመፍትሔ አቅጣጫዎች»። ፓምፑ እንቢ ያለበት ሰው ይህን አንብቦ «ጉዳዬ እዚህ አለ» ይላል ብለህ ነው?

እኔም በዚሁ ወድቄአለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ፍኖተ ሰላም አካባቢ ለአንድ የፓምፕ ቤት መመሪያ ጻፍኩ። በጣም ኮርቼበት ነበር። ከወራት በኋላ በዚያ ሳልፍ ፓምፑ ተነስቶ ደቂቃ ሳይቆይ ይጠፋል። ኦፕሬተሩ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ እስቲ መመሪያውን ይክፈቱት» አልኳቸው። ከጄኔሬተሩ አጠገብ ካለው ጀሪካን ላይ አንስተው አቧራውን አራገፉና ማውጫውን ገለጡ። ግራሶ የነካው ጣታቸው ከላይ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። መግቢያ፣ ዳራ፣ ዓላማ፣ ወሰን፣ የአካባቢው መልክዐ ምድር። ገጹን ገለበጡ። ጣታቸው «የኤሌክትሪክ መከላከያ መሣሪያዎች አሠራር» የሚለው ላይ ደረሰና ሳይቆም አለፈ። መልሱ እዚያ ሥር ነበር። ሞተሩ ከመጠን በላይ ኤሌክትሪክ ሲስብ የሚያቋርጠው መሣሪያ፣ ኦቨርሎዱ፣ ፓምፑን እያጠፋው ነበር፤ ምን መደረግ እንዳለበትም ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። መጽሐፉን ዘጉትና «ኧረ ወንድም ዓለም፣ ይኼ የቢሮ ነው። ይልቅ ስልክህን ስጠኝ» አሉኝ። ጣታቸው የወረደበት መስመር በግራሶ ተሠምሮ ቀረ። ያ ገጽ እስካሁን እኔ ዘንድ አለ።

ብዙዎቻችን እንዲህ የምንጽፍበት ምክንያት ይገባኛል። ማውጫ የተማርነው ከመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ምዕራፍ አንድ መግቢያ፣ 1.1 የጥናቱ ዳራ፣ 1.2 የችግሩ ገለጻ፣ 1.3 የጥናቱ ዓላማ። ይህ ቅርጽ ለመርማሪ መምህር የተሠራ ነው። መምህሩ የሚፈልገው የተጠየቀው ሁሉ መሟላቱን ማየት ነው። ኦፕሬተሩ ደግሞ ውኃ እንዲወጣለት ይፈልጋል። አንተ የጻፍከው ማውጫ «ይህን ሁሉ ሠርቻለሁ» የሚል ሪፖርት ሆኗል። ማውጫ ግን ስሙ እንደሚለው ማውጫ ነው፤ ሰው የሚፈልገውን ነገር የሚያወጣበት።

የጓደኛህን ነገር በአጭሩ ልዝጋው። ሦስቱ እርከን የመጣው ከዓለም አቀፍ ደረጃ ሳይሆን ከወርድ ነው። አውቶማቲክ ማውጫ ስታስገባ ካልነካካኸው ሄዲንግ 1፣ 2 እና 3 የሚላቸውን የርዕስ ደረጃዎች ሰብስቦ ያወጣልሃል። ሰው ሁሉ ይህንኑ እያየ ሕግ መሰለው። «በአንድ ዝርዝር ከሰባት በላይ ነገር አይግባ» የሚሉም አሉ። እሱ ደግሞ የመጣው ጆርጅ ሚለር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር በ1956 እ.ኤ.አ. ካወጣው ጽሑፍ ነው። ሚለር የጻፈው ሰው ለአፍታ በአእምሮው ሊይዘው ስለሚችለው ነገር ብዛት ነው። ማውጫ ፊት ለፊትህ ተዘርግቷል፤ በቃልህ አትይዘውም። ሠላሳ ግልጽ መስመር አምስት ግራ ከሚያጋባ መስመር ይሻላል።

መፈለጊያ ስላለ ማውጫ አያስፈልግም የሚለው ሐሳብ ደግሞ ለአማርኛ ጭራሽ አይሠራም። መመሪያህ ላይ «ውኃ» ብለህ ጽፈሃል። ኦፕሬተሩ ስልኩ ላይ «ውሃ» ብሎ ይፈልጋል። ምንም አያገኝም። ሀ እና ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ፣ ለኛ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። «ጥገና» ብሎ የጻፈ ሰው «ሲጠገን» የሚለውን አያገኝም፤ «ቫልቭ» ብሎ የጻፈም «ቫልብ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው መፈለጊያ ውስጥ የሚጽፈው ስሙን የሚያውቀውን ነገር ነው። «ኦቨርሎድ ሪሌይ» የሚለውን ቃል የማያውቅ ሰው እንዴት አድርጎ ይፈልገዋል? ማውጫ ላይ ግን ዓይኑ ሲሮጥ «ፓምፑ ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል» የሚለውን ያያል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከርዕሶቹ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

አማርኛ አንድ ጠባይ አለው። በ«የ» ስናዛርፍ ዋናው ቃል ወደ መጨረሻ ይሄዳል። «የጥልቅ ጉድጓድ ሰብመርሲብል ፓምፕ የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ አያያዝ» ስትል አንባቢው «አያያዝ» እስኪደርስ ድረስ ጉዳዩ ምን እንደሆነ አያውቅም። ማውጫ ደግሞ የሚነበበው በግራ ጠርዙ ነው፤ ዓይን በየመስመሩ የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ቃላት እየቀመሰ ይወርዳል። ማውጫህን አይተኸዋል? ከላክልኝ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከግማሽ በላይ የሆኑት መስመሮች በ«የ» ይጀምራሉ፤ ሌሎቹ በ«ስለ»። ግራው ጠርዝ እንደ አጥር እንጨት አንድ ዓይነት ሆኗል። መፍትሔው ዋናውን ቃል ወደ ፊት ማምጣት ነው። «መቆጣጠሪያ ሰሌዳ፦ አያያዝና ጽዳት»። «ጄኔሬተር፦ ዘይት መቀየር»። «ማጠራቀሚያ፦ ማጠብና ክሎሪን መጨመር»። «ስለ» የሚለውን ሁሉ አውጣው፤ አንድም አይቀርብህም።

ለብልሽት የተጻፉትን ክፍሎች ደግሞ በምልክታቸው ጥራቸው። ሰው የሚያየው ምልክቱን ነው፤ መንስኤውን ቢያውቅማ አንተን አይፈልግም ነበር። «ፓምፑ ይሠራል፣ ውኃ ግን አይወጣም»። ይህን ርዕስ ከፍቶ ሲገባ መንስኤዎቹን አንድ በአንድ ያገኛል፦ የጉድጓዱ ውኃ ከፓምፑ በታች ወርዶ ይሆናል፤ ቫልቩ ተዘግቶ ይሆናል፤ ከጉድጓዱ የሚወጣው ቧንቧ ተቀዶ ይሆናል፤ ወይም ባለ ሦስት ፌዝ መስመሩ ሲቀጠል ሁለቱ ተለዋውጠው ፓምፑ በተቃራኒ እየዞረ ይሆናል። አንተ ግን እነዚህን አራቱን በአራት የተለያዩ ምዕራፎች በትነሃቸዋል። አንዱ የጉድጓድ ምዕራፍ ውስጥ፣ አንዱ የመስመር ምዕራፍ ውስጥ። ለመሐንዲስ ትክክለኛ አመዳደብ ነው። ፓምፕ ቤት ውስጥ በሌሊት በባትሪ መብራት ለሚያነብ ሰው ግን አይሆንም።

እነዚህን የምልክት ስሞች ከየት ታመጣለህ ካልክ፣ ከስልክህ። በየቀኑ ይደውሉልኛል ብለህ ያማረርክበት ነገር ትልቁ ሀብትህ ነው። ለአንድ ወር የሚመጣውን ጥሪ ሁሉ በደብተር ጻፍ። ወደ መሐንዲስ ቋንቋ አትተርጉመው። «ጄኔሬተሩ ያስላል» ካለህ «ያስላል» ብለህ ጻፍ። «ቆጣሪው ይዞራል ቦኖው ደርቋል» ካለህ እንዳለ ይሁን። ወሩ ሲያልቅ ተደጋጋሚዎቹን ሰብስብ። አሥራ አምስት አካባቢ መስመር ይወጣሃል። ያንን ከሽፋኑ ቀጥሎ፣ ከዋናው ማውጫ በፊት፣ በአንድ ገጽ አኑረው። ርዕሱን «ችግር ሲገጥም» በለው፤ በየመስመሩ መጨረሻ የገጽ ቁጥር አስቀምጥ።

አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ቀልድ አይደለም። እንዲህ ያለ ገጽ አንባቢውን በቀጥታ ወደ መሀል ይወረውረዋል። ምዕራፍ ሁለት ላይ «ማንኛውንም ጥገና ከመጀመርህ በፊት ኃይሉን አጥፋ» ብለህ ጽፈህ ከሆነ፣ በቀጥታ ገጽ 71 የገባ ሰው አላነበበውም። ስለዚህ ኃይል ማጥፋትን የሚጠይቅ እያንዳንዱ የጥገና ገጽ ላይ ማስጠንቀቂያው በራሱ፣ ከመጀመሪያው እርምጃ በላይ ይደገም። «መደጋገም ነው» የሚልህ አርታዒ ይኖራል። ይበል። የክሎሪን አያያዝም እንደዚሁ ነው።

አሁን ወደ እርከኑ። ሁለት ይበቃሃል። ምዕራፍና ክፍል። በተሰበሰበው መልክ ዋናው ማውጫ ሁለት ገጽ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ፤ ተገልጦ ግራና ቀኝ ጎን ለጎን የሚታይ ቢሆን ደስ ይለኛል። ሦስተኛው እርከን የሚያስፈልግበት ምዕራፍ ካለ፣ ለምሳሌ የጄኔሬተሩ፣ በምዕራፉ መግቢያ ገጽ ላይ የራሱን አጭር ማውጫ ስጠው። አራተኛውና አምስተኛው ጽሑፉ ውስጥ እንደ ንዑስ ርዕስ ይቆዩ፤ ቁጥር ግን አትስጣቸው። «3.4.2.1.5ን እየው» ብለህ በስልክ ለሰው ተናግረህ ታውቃለህ? እኔ ሞክሬዋለሁ። ኔትወርኩ ሳይቆራረጥ እንኳ አይደርስም።

አለቃህ የሚሉት አንድ ገጽስ? ምዕራፎቹን ብቻ ብታስቀር ይገኛል። ግን «ምዕራፍ 4፦ ጄኔሬተር … 58» የሚለው መስመር ሰውየውን ሠላሳ ገጽ ፊት ጥሎት ይሄዳል። ቀሪውን መንገድ በእግሩ ነው የሚሄደው። ማሳጠር ራሱ ግብ ከሆነ ማውጫው ባዶ ሽፋን ይሆናል።

ይልቅ የሚቆረጥ ነገር ካለ ከሰነዱ ነው። የላክኸው ማውጫ ላይ ከ140 ገጽ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 46 ስለ ፕሮጀክቱ አመጣጥ፣ ስለ ሥነ ምድሩ፣ ስለ ጉድጓዱ ቁፋሮና ስለ ዲዛይን ስሌቱ ናቸው። ይህ መረጃ ወርቅ ነው፤ መጥፋት የለበትም። ፓምፑ ሲቀየር የጉድጓዱ ጥልቀትና የፓምፕ ሙከራው ውጤት ያስፈልጋል። አንባቢው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ወረዳ ወይም ዞን ያለ ባለሙያ። ሁለት አንባቢ አንድ ማውጫ ላይ ስታሳፍር አንዱ ሁልጊዜ ቆሞ ይሄዳል። ለሁለት ክፈለው። ክፍል አንድ የኦፕሬተሩ፣ ክፍል ሁለት የባለሙያው። በጀት ካለህ ሁለት ጥራዝ ይሁን። ከሌለህ ቢያንስ የኦፕሬተሩ ይቅደም። «መግቢያ ሳይኖር እንዴት ይጀመራል» የሚል ካለ፣ ግማሽ ገጽ ጻፍና ማውጫው ውስጥ አታስገባው።

የሠንጠረዥና የሥዕል ዝርዝርን በተመለከተ ደንቡ ቀላል ነው። ሰው ፈልጎ የሚመጣው ሥዕል ካለ ዝርዝሩ ይግባ፤ ከሌለ አይግባ። አንተ ዘንድ የሽቦ አሠራር ሥዕሎች፣ የመስመሩ ካርታና የቅባት ሠንጠረዡ ብቻቸውን ይፈለጋሉ። እነሱን ብቻ መርጠህ «ሥዕሎችና ሠንጠረዦች» ብለህ በማውጫው ግርጌ አንድ ላይ አስቀምጣቸው። «ሥዕል 12፦ የማጠራቀሚያው ፎቶ» የሚለውን ማንም አይፈልገውም። የአሕጽሮተ ቃላት ዝርዝሩን ደግሞ ወደ ኋላ ውሰደው። መመሪያን የሚከፍት ሰው መጀመሪያ የሚያየው ነገር የአሕጽሮት ሰንጠረዥ መሆኑ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

የእኛ አገር ሰው ይህን ጥበብ ለማወቅ ወርድን አልጠበቀም። ጎጃም ውስጥ ከድሮ የቅኔ ቤቶች አጠገብ ያደገ ሰው ብራና አገላብጦ ያውቃል። የገጽ ቁጥር ብዙ ጊዜ የለውም። ግን የቅጠሉ ጠርዝ ላይ ቀለም ያለው ክር ተሰፍቶ ታያለህ፤ ሥዕል ያለበትን ወይም አዲስ ክፍል የሚጀምርበትን ቦታ ያመለክታል። ካህኑ ሳያነብ በጣቱ ዳስሶ ይከፍተዋል። በወንጌሎች መግቢያ ላይ ደግሞ የአውሳብዮስ ሰንጠረዦች አሉ፤ አንድ ታሪክ በአራቱ ወንጌሎች የት የት እንደሚገኝ በቁጥር የሚያገናኙ አሥር ሰንጠረዦች ናቸው። ከጥንታዊዎቹ የአባ ገሪማ ወንጌሎች ጀምሮ በሥዕል አጊጠው እናገኛቸዋለን። ይህን ያነሳሁት ለጌጥ አይደለም። ክሩን ውሰድ። የታተመው መመሪያ ላይ በየምዕራፉ መጀመሪያ ወጣ ያለ ባለ ቀለም ካርቶን አስገባ፤ ጄኔሬተር ቀይ፣ ፓምፕ ሰማያዊ፣ ክሎሪን ቢጫ። ማውጫው ላይም ያንኑ ቀለም አድርግበት። እጁ ዘይት የነካ ሰው ገጽ ከመቁጠር ካርቶን መሳብ ይቀለዋል።

ወደ ወርዱ ብልሽት እንምጣ። ከላክኸው ፋይል የምገምተው፣ ርዕሶቹን ጽሑፉን አድምቀህና አተልቀህ ሠርተሃቸዋል፤ ማውጫውንም ነጥብ እየደረደርክ በእጅህ ጽፈኸዋል፤ ከዚያ ግማሹ ላይ አውቶማቲኩን ጨምረሃል። ለወርድ የደመቀ ጽሑፍ የደመቀ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ርዕስ መሆኑን የሚያውቀው ሄዲንግ የሚለውን ስታይል ስትሰጠው ነው። ምዕራፎቹን ሄዲንግ 1፣ ክፍሎቹን ሄዲንግ 2 አድርግ። ከዚያ ናቪጌሽን ፔን የሚለውን ከፍተህ አጽሙን በግራ በኩል እየው። ርዕሶቹን ማስተካከል ያለብህ እዚያ ላይ ነው፤ እየጎተትክ ምዕራፍ ማዘዋወር ትችላለህ። በመጨረሻ ሪፈረንስ ከሚለው ትር ማውጫውን አስገባና እርከኑን ወደ 2 አውርደው።

አንድ ሙሉ አንቀጽ ማውጫው ውስጥ ተዘርግፎ ከታየህ፣ ያ አንቀጽ ሳታስበው የሄዲንግ ስታይል ይዟል። ርዕሱ ማውጫው ላይ መሀሉ ላይ ከተሰበረ፣ ርዕሱን ስትጽፍ ሺፍትና ኤንተር ተጭነሃል። «ኤረር፣ ቡክማርክ ኖት ዲፋይንድ» የሚለው ደግሞ የሚመጣው ርዕሱ ከተሰረዘ ወይም ከተነካካ በኋላ ማውጫው ሳይታደስ ሲቀር ነው። ማውጫው ላይ ጠቅ አድርገህ ኤፍ 9ን ተጫን፤ ከሁለቱ ምርጫ የገጽ ቁጥር ብቻ የሚለውን ሳይሆን ሙሉውን አድስ የሚለውን ምረጥ። ማውጫው ላይ በእጅህ ያረምከው ነገር ሁሉ ሲታደስ ይጠፋል። ስለዚህ ስሕተት ካየህ ርዕሱ ራሱ ያለበት ቦታ ሄደህ አርም።

ማውጫው ላይ አማርኛው ወደ ላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ከተለወጠብህ፣ ጽሑፉ የተጻፈው በድሮዎቹ ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ሥርዓት) ባልሆኑ የግዕዝ ፎንቶች ነው። እነሱ የላቲኑን ቦታ ወስደው የግዕዝ መልክ የሚያለብሱ ናቸው፤ ማውጫው ሌላ ፎንት ሲይዝ ልብሱ ይወልቃል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬም ከድሮ ሰነድ ቆርጦ የሚለጥፍ ሰው ግን ይህ ያጋጥመዋል። ፎንት በመቀየር በዘላቂነት አይድንም። ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ወይም እንደገና መጻፍ ነው።

ፒዲኤፍ ስታወጣ ሴቭ አዝ ብለህ አውጣ፤ ኦፕሽን ውስጥ ገብተህ ከሄዲንጎቹ ቡክማርክ እንዲሠራ ምልክት አድርግ። ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ በሚለው ካወጣኸው ማውጫው ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፤ መስመሩን ቢነኩት የትም አይወስድም። ኦፕሬተሮችህ በቴሌግራም የሚቀበሉት ከሆነ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። የገጹንም ቁጥር ከሽፋኑ ጀምረህ 1 ብለህ ቁጠር። መግቢያውን በሮማ ቁጥር ለይተህ ከዚያ እንደ አዲስ 1 ካልክ፣ ማውጫው 52 ሲል ስልኩ 64 ይላል። መጽሐፍ አሳታሚ ይህን ሲሰማ ይቆጣ ይሆናል፤ አንተ ግን ለስልክ ነው የምትጽፈው።

ማተሚያ ቤት ስትሄድም የወርዱን ፋይል አትስጥ። እዚያ ያለው ኮምፒውተር ፎንትህ ከሌለው ጽሑፉ ይንሸራተታል፤ ማውጫው 52 ያለው ክፍል 55 ላይ ያርፋል። እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ 40 ቅጂ በዚህ ምክንያት አስደግሜ አሳትሜያለሁ፤ ወጪው ከኪሴ ነው። ፒዲኤፍ ስጥ፤ አንድ ቅጂ አስወጥተህ ከማውጫው አምስት መስመር መርጠህ ገጹን ራስህ አረጋግጥ፤ ከዚያ ይታተም።

ከማተምህ በፊት ግን ፈትነው። ማውጫውንና «ችግር ሲገጥም» የሚለውን ገጽ ብቻ አትምና መመሪያውን ካላዩት ሦስት ኦፕሬተሮች ጋር አንድ በአንድ ተቀመጥ። አሥር ጥያቄ አዘጋጅ። «ቦኖው ውኃ አይሰጥም፤ የቱን ገጽ ትከፍታለህ?» ዝም ብለህ ጣታቸውን እይ። አታግዝ፤ «እዚህ ጋ አለ» ለማለት አፍህን ይበላሃል፤ ቻለው። እያንዳንዱን በግማሽ ደቂቃ ውስጥ እየፈለጉ ከአሥሩ ስምንቱን ካገኙ አትመው። ሦስቱም አንድ መስመር ላይ ከተሳሳቱ ጥፋቱ የመስመሩ ነው። የት እንደሄዱም መዝግብ፤ ለክሎሪኑ ሦስቱም ወደ ማጠራቀሚያ ምዕራፍ ከሄዱ፣ ክሎሪኑን ወደዚያ አዛውረው።

ማውጫ የማይሠራው ነገርም አለ። ማንበብ የማይቀናውን ሰው አያግዝም። ለእሱ የማስነሻና የማጥፊያ ቅደም ተከተሉን በሥዕል ሠርተህ፣ ላሚኔት አድርገህ ሰሌዳው አጠገብ ግድግዳ ላይ ስቀልለት። ሥልጠናንም አይተካም። ያላሠለጠንከውን ኦፕሬተር ስምንት ገጽ ማውጫ ብትሰጠውም ያው ነው።

ስለዚህ ምክሬ፦ መጀመሪያ ለሁለት ክፈል፣ ከዚያ ርዕሶቹን በኦፕሬተሩ ቋንቋ ጻፍ፣ ማውጫውን በሁለት እርከን አውጣ፣ ከፊቱ የችግር ገጹን አድርግ። እርከን የመቁረጡን ክርክር ከአለቃህ ጋር ሳትጀምር ይህን ጨርስ። ስትሄድም ሁለቱን ማውጫዎች ጎን ለጎን አስቀምጥላቸውና «ጄኔሬተሩ ተነስቶ ይጠፋል፤ እስቲ ገጹን ይፈልጉልኝ» በላቸው። ደብተሩን ግን አትዝጋው። አዲሱ ከወጣ በኋላ የሚመጡትን ጥሪዎች ለሦስት ወር ያዝ፤ ያኔ የምትቀይረው የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነው።